ቀጋ፦ የሀገራችን ጽጌረዳ
(ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ጥናት)



የቤተ ክርስቲያንን ቅጥር ግቢ በአበባ ማስጌጥ በየቁምስናችን የቆየና የተወደደ ልማድ ነው። በእመቤታችን ሐውልት ዙሪያ፣ በመግቢያው በር ግራና ቀኝ፣ በካህናት መኖሪያ ደጃፍ የሚተከሉት አበቦች የምእመናንን ፍቅር ይመሰክራሉ። ሆኖም ከእነዚህ አበቦች ብዙዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ፣ ዘወትር ውሃና መድኃኒት የሚሹ፣ ተንከባካቢያቸው ለአንድ ወር ቢታመም የሚደርቁ ናቸው። በበጋ ሲደርቁብንም የፕላስቲክ አበባ ከገበያ ገዝተን በቦታቸው እንተካለን። በዚያው ግቢ ጥግ ግን፣ ማንም ሳያጠጣው የሚያብብ አንድ ቁጥቋጦ ብዙ ጊዜ አጥሩን ተደግፎ ይገኛል፤ እርሱን ዓመታዊ በዓል በደረሰ ቁጥር «እሾህ ነው» ብለን ከሥሩ እንመነጥረዋለን። ይህ ቁጥቋጦ ቀጋ ነው። ቀጋም የጽጌረዳ ወገን ነው።

በዚህ ጥናት ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። አንደኛ፣ ቀጋን ከሚመስሉት ተክሎች ለይተን የምናውቅባቸውን ምልክቶች፤ ሁለተኛ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመኖሪያ ግቢያችን የምናለማበትን መንገድ፤ ሦስተኛ፣ ይህ ተክል ለጸሎት ሕይወታችንና ለትምህርተ ክርስቶስ የሚሰጠንን አገልግሎት። ያላወቅነውን ልንጠብቀው አንችልምና ትምህርቱን ከማወቅ እንጀምራለን።

፩. ቀጋ ምን ዓይነት ተክል ነው?

የዕፅዋት ሊቃውንት ቀጋን «ሮዛ አቢሲኒካ» ብለው ይጠሩታል፤ ትርጉሙም «የሐበሻ ጽጌረዳ» ማለት ነው። በዚህ ስም ለዓለም ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆን ሊንድሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ስለ ጽጌረዳ ዝርያዎች ባሳተመው ጥናት ውስጥ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከሌላው ሊቅ ከሮበርት ብራውን ነው። በሀገራችን ሰዎች ዘንድ ግን ተክሉ ከዚያ እጅግ ቀድሞ የታወቀ ነበር፤ እረኞች ፍሬውን ይለቅሙታል፣ ገበሬዎችም አጥር ያጥሩበታል።

በዓለም ላይ ከመቶ የሚበልጡ የጽጌረዳ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ የእስያ፣ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ናቸው። ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል በተፈጥሮ የሚበቅለው የጽጌረዳ ዝርያ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ቀጋ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ በኤርትራ፣ በሱዳንና በሶማሊያ፣ እንዲሁም ከቀይ ባሕር ማዶ በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ከፍተኛ ቦታዎች ይገኛል። በሀገራችን የሚስማማው ወይና ደጋና ደጋ ነው፤ በተለይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1900 እስከ 3300 ሜትር ባለው ከፍታ፣ በጫካ ዳር፣ በወንዝ ዳርቻ፣ በድንጋያማ ተዳፋትና በእርሻ ድንበር ይበቅላል። ስለዚህ በቆላ የሚገኙ ቁምስናዎቻችን ይህን ተክል ለማልማት ቢደክሙ የሚጠቅማቸው አይሆንም፤ ለአካባቢያቸው የተሰጠውን ሌላ ተክል ቢመርጡ ይሻላቸዋል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ሌላ የጽጌረዳ ዓይነት ማንሳት ይገባል። በ19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ ስለ ሐበሻ ዕፅዋት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በትግራይ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ስለሚተከል ጽጌረዳ ገልጾ፣ «ሮዛ ሳንክታ» ማለትም «ቅድስት ጽጌረዳ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ይህ ተክል በዛሬው ሳይንሳዊ አጠራር በራሱ በሪሻር ስም የሚታወቅ ሲሆን፣ ከሁለት የጽጌረዳ ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ እንደሆነ ይታመናል። አበባው ሰፋ ያለና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ያለው ነውና ከነጩ ቀጋ ጋር ሊምታታ አይገባም። ለእኛ ግን የሚነግረን ትልቅ ነገር አለ፤ አባቶቻችን በቤተ እግዚአብሔር ደጅ ጽጌረዳ መትከልን ከዛሬ የአበባ እርሻዎች ዘመን ብዙ አስቀድመው ያውቁ ነበር።

፪. ቀጋን የምናውቅባቸው አምስት ምልክቶች

አንድን ተክል በአንድ ምልክት ብቻ መለየት ወደ ስሕተት ይመራል። ስለዚህ የሚከተሉትን አምስት ምልክቶች አንድ በአንድ ማየትና ሁሉም በአንድነት መገኘታቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሀ) ግንድና እሾህ። ቀጋ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው። ብቻውን ሲሆን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዛፍ ወይም አጥር ካገኘ ግን እየተደገፈ ይወጣል፤ አንዳንዴም እስከ ሰባት ሜትር የሚደርስ ትንሽ ዛፍ ይሆናል። እሾሁ ከሥሩ ሰፋ ያለ፣ ጫፉ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነው። የሚበቅለው ከግንዱ ልጥ ላይ ስለሆነ በአውራ ጣት ወደ ጎን ሲገፉት ተገንጥሎ ይወድቃል፤ በቦታውም ትንሽ ጠባሳ ብቻ ይቀራል።

ለ) ቅጠል። ቅጠሉ አንድ ወጥ አይደለም። በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የተደረደሩ ትንንሽ ቅጠሎች አሉ፤ በዘንጉ ጫፍ ላይም አንድ ብቻውን ይቆማል። ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ሰባት ነው። የእያንዳንዱ ትንሽ ቅጠል ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ነው። ዘንጉ ከግንዱ በሚጋጠምበት ቦታ ደግሞ ግራና ቀኝ የተለጠፈ ጠባብ፣ ክንፍ የሚመስል ቅጠል አለ፤ ይህ የጽጌረዳ ወገን ሁነኛ ምልክት ነው።

ሐ) አበባ። አበባው ነጭ ወይም ወደ ክሬም የሚያደላ፣ ደስ የሚል መዓዛ ያለው ነው። አምስት የአበባ ቅጠሎች ብቻ አሉት፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው አልተጣበቁም፣ አንድ በአንድ ሊለቀሙ ይችላሉ። በመካከሉ ቢጫ ጫፍ ያላቸው ብዙ ቀጫጭን ዘንጎች አሉ። አበባዎቹ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ በዛ ብለው አብረው ይወጣሉ። ከገበያ የምንገዛው ድርብርብ ጽጌረዳ የሰው ልጅ ለብዙ ዘመን መርጦና አዳቅሎ ያገኘው ነው፤ ጽጌረዳ በተፈጥሮው ግን እንደ ቀጋ ነጠላ ነው።

መ) ፍሬ። ፍሬው መጀመሪያ አረንጓዴ ሆኖ ሲበስል ወደ ብርቱካናማ ቀይ ይለወጣል፤ ርዝመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሲከፈት በውስጡ ጠንካራ ዘሮችና ቆዳን የሚያሳክክ ደቃቅ ጸጉር ይገኛል። የሚበላው የላይኛው ሥጋው ብቻ ነው።

ሠ) ቦታ። ከላይ በተጠቀሰው ከፍታ፣ ብርሃን በሚያገኝ ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ በድንበርና በጫካ ጠርዝ ይገኛል።

፫. ቀጋን የሚመስሉ ተክሎች

አጋም፦ ከቀጋ ጋር አብሮ በአንድ አጥር ላይ ይበቅላል፤ አበባውም ነጭና መዓዛማ ስለሆነ ከሩቅ ያሳስታል። ነገር ግን የአጋም ቅጠል አንድ ወጥ፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚበቅል ነው፤ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ይወጣዋል። እሾሁም ቀጥ ያለና እንደ እንጨት የጠነከረ ነው፤ በጣት ቢገፉት አይገነጠልም። ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል እንጂ እንደ ቀጋ ቀልቶ አይቀርም።

እንጆሪ፦ የዱር እንጆሪም እሾህና አምስት የአበባ ቅጠሎች አሉት፤ በዝምድናም የቀጋ ቤተሰብ ነው። ፍሬው ግን ብዙ ትንንሽ ዶቃዎች አንድ ላይ የተጣበቁ ይመስላል። የቀጋ ፍሬ ግን አንድ ወጥና ለስላሳ ቆዳ ያለው ነው።

ቀንጣፋ፦ ልብስ የሚይዝ ጎባጣ እሾህ ስላለው ከቀጋ ጋር ይምታታል። የቀንጣፋ ቅጠል ግን እጅግ ብዙ ደቃቅ ቅጠሎች ያሉት፣ ዘንጉም ደግሞ ሌላ ዘንግ የሚያወጣ ነው። ፍሬው ክንፍ ያለው ቀይ ቅርፊት ስለሆነ ቀልቶ ሲታይ አበባ ይመስላል።

የወፍ ቆሎ፦ ከሩቅ አሜሪካ ለጌጥ ተብሎ የመጣው ባለ ብዙ ቀለሙ የወፍ ቆሎ ዛሬ በብዙ ቦታ ግጦሽንና የእርሻ ዳርን የወረረ ተክል ነው። አበባው በአንድ ራስ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሮዝ ሆኖ ስለሚታይ ዓይንን ይማርካል፤ ቅጠሉ ሻካራ፣ ሲታሽ ኃይለኛ ሽታ ያለው ነው። ቅጠሉን የበሉ ከብቶች ይታመማሉ፤ ያልበሰለው ፍሬም ለሕፃናት አደገኛ ነው። ስለዚህ ይህን ተክል በቤተ ክርስቲያን ግቢ ለጌጥ መትከል አይገባም፤ ካለም ዘር ሳያፈራ ከነሥሩ መንቀል ይሻላል።

እዚህ ላይ ወላጆችንና መምህራንን አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። ሕፃናት ከአጥር ላይ ፍሬ መልቀም ይወዳሉ። ቀጋ ብለው የሚለቅሙት በእርግጥ ቀጋ መሆኑን አምስቱን ምልክቶች ቆጥሮ ሊያሳያቸው የሚችል አዋቂ በየሰፈሩ ሊኖር ይገባል። ዱሮ ይህን የሚያስተምሩት ታላላቅ እረኞች ነበሩ፤ ልጆቻችን ከብት ማገዱን ትተው ትምህርት ቤት ሲገቡ ግን ይህ ትምህርት ተተኪ መምህር አላገኘም።

፬. ቀጋን እንዴት እናለማለን?

ቀጋን የምናገኘው ከዱር ነው፤ ነገር ግን የቆመውን ተክል ነቅሎ ማምጣት አይገባም። የተነቀለ ቀጋ አብዛኛውን ጊዜ አይጸድቅም፤ ከነበረበት ቦታም ይጠፋል። ይልቁንም ዘሩን ወይም ቅርንጫፉን በልክ ወስዶ ማባዛት ይቻላል። ከአንድ ቁጥቋጦ ጥቂት ፍሬ ብቻ እንልቀም፤ አብዛኛውን ለወፎችና ለነገው ቡቃያ እንተወው።

በዘር ማባዛት፦ በሚገባ የቀላውን ፍሬ መርጠን በቢላዋ እንሰነጥቃለን፤ ዘሩን ከጸጉሩ ለይተን በውሃ ደጋግመን እናጥባለን። በዚህ ጊዜ እጅን በጨርቅ ወይም በጓንት መሸፈን፣ ዓይንንም አለመንካት ያስፈልጋል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ዘር ብዙውን ጊዜ ባዶ ስለሆነ ይጣላል፤ የሰመጠው ይዘራል። በጥላ ሥር በተዘጋጀ ለስላሳ መደብ ላይ ዘርተን በስሱ አፈር እናለብሰዋለን፤ በላዩም ሣር ጉዝጓዝ አድርገን ረጋ ባለ ውሃ እናጠጣዋለን። የጽጌረዳ ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይበቅልም፤ ብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ብዙ ሰው ትዕግሥት አጥቶ መደቡን የሚያፈርሰው ዘሩ ሊበቅል በተቃረበ ጊዜ ነው።

በቁራጭ ማባዛት፦ ይህ ከዘሩ የፈጠነ መንገድ ነው። በጣም ለጋ ያልሆነ፣ በጣምም ያላረጀ፣ ውፍረቱ እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ እንመርጣለን። ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ይኑረው። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ዝቅ ብለን በሰያፍ፣ የላይኛውን ጫፍ ከአንጓው ከፍ ብለን እንቆርጣለን፤ በዚህ መንገድ ላዩንና ታቹን አንሳሳትም። የታችኞቹን ቅጠሎች አራግፈን ከላይ ጥቂት ብቻ እንተዋለን። ከዚያም ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በሚገባ የበሰበሰ ፍግና አንድ እጅ አሸዋ ተቀላቅሎ በተሞላ የችግኝ ከረጢት ውስጥ፣ ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ እስኪገባ ድረስ እንተክለዋለን። ከረጢቱ ከሥሩ የተበሳ ይሁን፤ ውሃ ከቆመበት ቁራጩ ይበሰብሳል። በጥላ ሥር አኑረን አፈሩ እንዳይደርቅ እንከታተላለን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቀስታ ሳብ ስናደርገው አልነቀል ካለ ሥር መስደድ መጀመሩን እናውቃለን።

ሳይቆርጡ ማባዛት፦ ችግኝ ጣቢያ ለሌለው ምእመን የሚቀለው ይህ ነው። ረጅሙን ቅርንጫፍ ወደ መሬት ጎንበስ አድርገን መካከሉን በአፈር እናለብሰዋለን፤ እንዳይነሣም ድንጋይ እንጭንበታለን። ጫፉ ከአፈሩ ውጭ ይቆይ። ሥር ሲሰድ ከእናቱ ለይተን እናዛውረዋለን።

ተከላ፦ ጉድጓዱ ከተከላው አንድ ወር ያህል አስቀድሞ፣ ወርዱም ጥልቀቱም አርባ ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቆፈር። ክረምቱ ሲረጋ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ችግኙ ይተከላል። የፕላስቲክ ከረጢቱን ሥሩን ሳይነኩ ቀዶ ማውጣት ግዴታ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በሀገር አቀፍ ደረጃ በየክረምቱ በሚካሄደው የአረንጓዴ አሻራ ተከላ ቁምስናዎቻችን ሲሳተፉ፣ ከሚወስዱት ችግኝ መካከል ራሳቸው ያፈሉት ቀጋ ቢኖር መልካም ነው። ለአጥር ከሆነ በችግኞቹ መካከል ከስድሳ ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር፣ ለብቻው ለጌጥ ከሆነ ከሁለት ሜትር ያላነሰ ርቀት ይሁን። የቦታው ምርጫም ማስተዋል ይጠይቃል። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» እንደሚባለው፣ እሾሃም ተክል ከመተላለፊያ፣ ከሕፃናት መጫወቻና ከአረጋውያን መቀመጫ ራቅ ብሎ ሊተከል ይገባል።

እንክብካቤ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የበጋ ወራት ጊዜያት ውሃ ማጠጣት፣ ዙሪያውን ማረምና በሣር መሸፈን፣ ከፍየልም መከለል ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ቀጋ ራሱን ይችላል። የሚገረዘው ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ነው፤ ደረቁንና ያረጀውን ግንድ ከሥሩ እያወጣን ለጋው እንዲተካው እናደርጋለን። እንደ ሌላው አጥር በመቀስ ላዩን እኩል መከርከም ግን አበባ የሚይዘውን ጫፍ ስለሚያስወግድ አረንጓዴ እሾህ ብቻ ያስቀራል። ፈጽሞ ሳይገረዝ ቢተውም ጥቅጥቅ ያለ ዱር ይሆናል። በለጋው ጫፍ ላይ ክሽክሽ ከታየ በውሃ በቀጠነ ሳሙና ማጠብ ይበቃል፤ ቅጠሉ ላይ ዋግ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ከታየም የታመመውን ቀንጥሶ ማቃጠልና አየር እንዲገባው ቅርንጫፉን ማሳሳት ይገባል።

ፍሬውን ለምግብ ስናውል ከውስጥ ያለውን ዘርና ጸጉር ፈጽመን እናስወግዳለን። የጽጌረዳ ፍሬ በቫይታሚን ሲ የታወቀ ነው፤ በጥሬው ይበላል፣ ተፈልቶም እንደ ሻይ ይጠጣል። ንብ ለሚያንቡ ምእመናንም አበባው መልካም ቀሰም ነው።

፭. ቀጋና የጸሎት ሕይወታችን

በግእዝ ሥርዓት በሚገለገሉ ቁምስናዎቻችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ ዘመነ ጽጌ ነው። በዚህ ወቅት የእመቤታችንና የልጇ የግብፅ ስደት ይታሰባል፤ ምድርም ከክረምት ወጥታ በአበባ የምታሸበርቅበት ጊዜ ነው። በላቲን ሥርዓትም የጥቅምት ወር የመቁጠሪያ ወር ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 7 ቀን የመቁጠሪያ እመቤታችን በዓል ይከበራል። መቁጠሪያ በላቲን «ሮዛሪዩም» ይባላል፤ የቃሉ ፍቺ የጽጌረዳ አትክልት ስፍራ ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱ ሥርዓቶቻችን በተቀራረበ ወቅት፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ፣ አበባን ከእመቤታችን ጋር ያገናኛሉ። የሁለቱም ልጆች በአንድ ሀገረ ስብከት እንደምንኖር ሁሉ፣ ለሁለቱም የሚሆን ጽጌረዳ በአንድ መሬታችን ላይ በቅሎልናል።

አበባን በመሠዊያ ዙሪያ ስናኖር የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት እንጠብቅ። የሮማ መጽሐፈ ቅዳሴ አጠቃላይ መመሪያ የአበባ ጌጥ በልክ እንዲሆን፣ በመሠዊያው ገበታ ላይ ሳይሆን በዙሪያው እንዲቀመጥ ያዝዛል። በስብከተ ገና ጊዜ የጌታን ልደት ሙሉ ደስታ ሳይቀድም በመጠን ይሁን ይላል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከአራተኛው እሑድ፣ ከታላላቅ በዓላትና ከክብረ በዓላት በቀር መሠዊያን በአበባ ማስጌጥ አይፈቀድም። የፕላስቲክ አበባ ይህን ሁሉ አያስተምረንም፤ ጾምም ሆነ ፋሲካ አያውቅም፣ ዓመት ሙሉ አንድ ነው። ሕያው አበባ ግን ጊዜውን ጠብቆ ያብባል፣ ጊዜው ሲደርስም ይረግፋል።

የቀጋ አበባ ከተቆረጠ በኋላ ብዙ እንደማይቆይ ማወቅ ይጠቅማል። ስለዚህ በዋዜማው ሳይሆን በበዓሉ ዕለት ማለዳ፣ ገና ሊፈነዳ የተቃረበውን እምቡጥ ከነቅርንጫፉ ቆርጦ ወዲያው ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ማስጌጡ ቅዳሴው ከማለቁ በፊት ቅጠል ቢያራግፍም ነውር የለበትም፤ የተሰጠበትን ሰዓት አገልግሏል።

፮. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ይህን ጥናት ለሕፃናትና ለወጣቶች በአንድ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይቻላል። መምህሩ አስቀድሞ የቀጋን፣ የአጋምንና የወፍ ቆሎን ቅርንጫፍ አምጥቶ በጠረጴዛ ላይ ያኑር። ተማሪዎቹ መጀመሪያ «የትኛው ያምራል?» ተብለው ይጠየቁ፤ ብዙዎቹ ባለ ቀለሙን የወፍ ቆሎ ይመርጣሉ። ቀጥሎም «የትኛው ይጠቅማል? የትኛውስ ይጎዳል?» ተብለው ይጠየቁ። በዚህ ጊዜ አምስቱን ምልክቶች እያሳየ ያስተምራቸው።

ከዚያ በኋላ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 7 የተጻፈውን፣ ጌታችን ስለ ሐሰተኞች ነቢያት የሰጠውን ትምህርት ያንብብላቸው። አንድ ብልህ ተማሪ «ጌታ ከእሾህ መልካም ፍሬ አይለቀምም ካለ፣ ቀጋ እንዴት መልካም ፍሬ ይሰጣል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ሊታለፍም አይገባውም። ጌታ በዚያ ቦታ የሚናገረው በውጭ የበግ ለምድ ስለለበሱ፣ በውስጣቸው ግን ነጣቂ ስለሆኑ ሰዎች ነው። እንግዲህ ትምህርቱ በመልክ እንዳንፈርድ የሚያስጠነቅቅ ነው። የወፍ ቆሎ ውጫዊ መልኩ ያማረ ሆኖ ግጦሹን ያጠፋል፤ ቀጋ እሾሁን ሳይደብቅ ለእረኛው ፍሬ፣ ለንብ ቀሰም፣ ለወፍ መጠለያ ይሰጣል። ሁለቱም የሚታወቁት እስከ ፍሬያቸው ድረስ ታግሦ ለተመለከታቸው ነው።

ወደ ብሉይ ኪዳን መለስ ስንል ደግሞ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 እግዚአብሔር ሙሴን የጠራው ከእሾሃማ ቁጥቋጦ መካከል መሆኑን እናያለን። ያ ቁጥቋጦ ቀጋ ነበር ማለታችን አይደለም፤ አበው ግን ዕፀ ጳጦስ ብለው፣ እየነደደ ያልተቃጠለውን ቁጥቋጦ የእመቤታችን ምሳሌ አድርገውታል። ሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘው ረጅም ዝግባ ባለበት ቦታ አልነበረም፤ እረኛ ሁሉ ቀርቦት በሚያልፈው ቁጥቋጦ ፊት ነበር። ሙሴም ድምፁን የሰማው ለማየት ዘወር ባለ ጊዜ ነው።

ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ ፍጥረታት ለሰው ስለሚሰጡት ጥቅም ብቻ ሳይሆን በራሳቸውም በእግዚአብሔር ፊት ዋጋ እንዳላቸው አስተምረዋል። አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት እንደነበር በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ተጽፏል። ማበጀትና መጠበቅ ሁለት ሥራዎች ናቸው። አዲስ አበባ ስንተክል እናበጃለን፤ በአጥራችን ላይ ያለውን ቀጋ ሳንመነጥር ስንተው እንጠብቃለን። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ስንሠራ ሁለተኛውን እንረሳለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ግቢና አጥር ላይ ቀጋ አለን? አምስቱን ምልክቶች በመጠቀም አረጋግጡ።
2. በግቢያችን ለጌጥ ከተተከሉት መካከል የወፍ ቆሎ አለ? ካለ በምን እንተካዋለን?
3. የቀጋን ፍሬ እየለቀሙ ያደጉ አረጋውያን በመካከላችን አሉ? ስለ ተክሉ የሚያውቁትን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ በአካባቢያችሁ የሚያብብበትንና የሚያፈራበትን ወርም መዝግቡ።
4. በእሾሁ ምክንያት የራቅነው፣ ፍሬውን ግን ያላየንለት ሰው በመካከላችን አለ?
5. ለመጪው ክረምት ስንት ችግኝ ማዘጋጀት እንችላለን? ማንስ ይከታተለዋል?

ውድ ምእመናን፣

ለሚቀጥለው ዓመታዊ በዓል ግቢያችሁን ስታጸዱ፣ ገጀራውን የያዘው ወጣት ከመጀመሩ በፊት አንድ አዋቂ በአጥሩ ዙሪያ አብሮት ይዙር። የሚቀረውን ቁጥቋጦ በክር ወይም በጨርቅ ምልክት ያድርጉበት፤ የሚወገደውንም ለይተው ያሳዩት። ይህ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። አንድ ያደገ ቀጋ ከተቆረጠ በኋላ መልሶ ለማልማት ግን ዓመታት ያስፈልጋሉ። የፍጥረት ሁሉ ጌታ እግዚአብሔር የሰጠንን ለይተን የምናውቅበትን ዓይን፣ ያወቅነውንም የምንጠብቅበትን እጅ ይስጠን። አሜን።